ሰይፉ ለምን ከእጀታው በላይ ይሰበራል?

ጥያቄው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከምትኖር የ19 ዓመት ወጣት የመጣ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ባለፈው ሰመር ለኦታኮን (የጃፓን አኒሜ ካርቱን ወዳጆች ለሚሰበሰቡበት ኮንቬንሽን) ብዬ ከካርቶን ትልቅ ሰይፍ ሠርቼ ነበር። እጀታው የመጥረጊያ እንጨት ነው። 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ካርቶኑ ውስጥ አስገብቼ በሙቅ ኮላ አጣበቅሁት። በመጀመሪያው ቀን ገና ሰልፍ ላይ ሳለሁ ከእጀታው በላይ እጥፍ አለ። ዘንድሮ ከፎም ልሠራው ነው። ርዝመቱ 1 ሜትር ከ50፣ ወርዱ 22 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ሦስት ቀን ይዤው እውላለሁ። የምንኖረው አፓርታማ ነው፤ ጋራዥ የለንም። እናቴ የኮላ ሽታ አትወድም፤ ነገሩንም የልጅ ጨዋታ ነው ትለኛለች። እንዳይሰበር ምን ላድርግ? እንዳይከብደኝም እፈልጋለሁ።»

እህቴ፣ የት እንደተሰበረ በደንብ ስላየሽው ደስ ብሎኛል። ብዙ ሰው «ተሰበረብኝ» ብቻ ብሎኝ ያልፋል። ለመድረክና ለኮስፕሌይ (የፊልምና የካርቱን ገጸ ባሕርይ መስሎ ለመልበስ) ዕቃ ስሠራ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ የተሰበረ ሰይፍ፣ በትርና ጦር ይዞልኝ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። የሚሰበሩት ባብዛኛው አንድ ቦታ ላይ ነው። እጅ የሚያልቅበትና ስለት የሚጀምርበት ቦታ ላይ።

ወጥ ቤት ገብተሽ ሁለት ቢላ አንሺ። አንዱ ብረቱ እጀታው ውስጥ ጥቂት ገብቶ የቀረ ነው። ሽንኩርት ስትከትፊበት ትንሽ ቆይቶ መወዛወዝ ይጀምራል። ሌላው ብረቱ እስከ እጀታው መጨረሻ ድረስ የዘለቀ ነው። እሱ ዓመት ከዓመት ቢሠራበት ንቅንቅ አይልም። የአንቺ ሰይፍ የመጀመሪያው ዓይነት ነበር። እንጨቱ 10 ሴንቲ ሜትር ገብቶ ቆመ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ የተሸከመው ካርቶን ብቻ ነው። ካርቶኑም እንጨቱ ባለቀበት ታጠፈ። ስለዚህ ጥፋቱ የካርቶኑ አይደለም። ያንኑ አሠራር በፎም ብትደግሚው ፎሙም እዚያው ቦታ ላይ ይታጠፋል። ይህንን ነው ከሁሉ በፊት እንድትይዢልኝ የምፈልገው። ፎሙ ቆዳ ነው። የሚሸከመው አከርካሪው ነው።

አከርካሪው አንድ ወጥ ይሁን። ከእጀታው ጭራ ተነስቶ፣ በእጀታው ውስጥ አልፎ፣ ወደ ስለቱ ጫፍ እስኪጠጋ ድረስ ሳይቀጠል ይሂድ። እኔ ለዚህ መጠን የምጠቀመው ተራውን ነጭ የፒቪሲ የውሃ ቧንቧ ነው። የግማሽ ኢንች የሚባለውን ጠይቂ። ስሙ ግማሽ ኢንች ይሁን እንጂ የውጭ ውፍረቱ 21 ሚሊ ሜትር ነው። 1 ሜትር ከ35 ቁረጪ። ጫፉ ላይ የሚቀረው 15 ሴንቲ ሜትር ባዶ ፎም ይሁን። እዚያ ጋ ቧንቧ ከሌለ ጫፉ ይቀልላል፤ ሰው ቢነካም አይጎዳም።

ቧንቧው ብቻውን ግን እንደ ሸንበቆ ይጎነበሳል። መፍትሔው ውስጡ የእንጨት ዘንግ ማስገባት ነው። እንጨት ከፒቪሲ ወደ አራት እጥፍ ያህል ግትር ነው። አምስት ስምንተኛ ኢንች ውፍረት ያለው ክብ ዘንግ ገዝተሽ ትንሽ በብርጭቆ ወረቀት ስትፈትጊው ቧንቧው ውስጥ ጥብቅ ብሎ ይገባል። ይህ ዘንግ ብዙ ጊዜ የሚሸጠው በ122 ሴንቲ ሜትር ነው። ከእጀታው ጭራ ጀምረሽ ካስገባሽው ይበቃል፤ ላይኛው ጫፍ ዘንግ አያስፈልገውም። ዘንጉን ስትመርጪ ወደ ዓይንሽ አስጠግተሽ እንጨቱ ላይ ያሉትን መስመሮች ተከተያቸው። ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ብለው የሚሄዱ ከሆነ ጥሩ ነው። ወደ ጎን ሸሽተው ዳር ላይ የሚያልቁ ከሆነ መልሰሽ አስቀምጪው። እንጨት የሚሰነጠቀው በመስመሩ ነው።

ለምን ሁለቱን አንድ ላይ? ያለ እንጨቱ ሰይፉ ከሁለት እጥፍ በላይ ይጎነበሳል። ያለ ቧንቧው ደግሞ እንጨቱ አንድ ቀን ቢሰበር ስንጣሪው ፎሙን በስቶ ይወጣል። ቧንቧው ስንጣሪውን እንደ አፎት ይዞ ያስቀረዋል። ብዙ ሕዝብ መሃል የምትይዢው ዕቃ ስለሆነ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ቀጭን ዘንግ አምጥተሽ ለመቆጠብ ግን አትሞክሪ። ክብ ዘንግ ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ግትርነቱ አሥራ ስድስት እጥፍ ይሆናል። ወደ ታች ስትቀንሺም እንደዚያው ነው። ግማሽ ስታደርጊው የሚቀርሽ አንድ አሥራ ስድስተኛ ነው።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚረሳው ነገር ልምጣ። ሰይፍ መታጠፍ ብቻ አይደለም ጠላቱ። መዞርም አለ። ክብ ቧንቧ ፎም ውስጥ ቀብረሽ ታጣብቂያለሽ። የመጀመሪያውን ቀን ሁሉም ሰላም ነው። ወርዱ 22 ሴንቲ ሜትር የሆነ ስለት ግን ከሰው ትከሻ ጋር በተጋጨ፣ ንፋስ በገፋው ቁጥር ቧንቧውን ለመጠምዘዝ ይታገላል። ኮላው ቀስ በቀስ ይለቅቃል። በሁለተኛው ቀን እጀታውን ስታዞሪ ስለቱ አብሮሽ አይዞርም። በጣም የሚያናድድ ነው፤ ምክንያቱም ከውጭ ሲታይ ምንም አልሆነም።

መከላከያው ቀላል ነው። ቧንቧውንና ውስጡ ያለውን ዘንግ አንድ ላይ በድሪል ሰርስሪና 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ትንሽ የእንጨት ዘንግ በመስቀል አሳልፊበት። ርዝመቱ 16 ሴንቲ ሜትር ይሁን፣ በግራና በቀኝ እኩል ይውጣ። በስለቱ ወርድ አቅጣጫ ይጋደም። እንደዚህ ያሉ ሁለት መስቀሎች ይበቁሻል። አንዱ ከእጀታው መስቀለኛ (እጀታውን ከስለቱ ከሚለየው አግዳሚ) 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ሌላው ከዚያ በ50 ሴንቲ ሜትር ይሁኑ። በእንጨት ኮላ አጣብቂያቸው። ፎሙ እነዚህን ክንዶች ጨብጦ ሲይዝ ስለቱ ለብቻው የሚዞርበት መንገድ የለውም። እጅ በሚያልቅበት ቦታ ላይ ግን ቀዳዳ አታውጪ። ብሎንም፣ ቪቴም፣ መቀጠያም እዚያ አይግባ። ጫናው ከሁሉ የሚበረታው እዚያ ነው። ለሜትሮ ባቡር እንዲመች ለሁለት ልክፈለው ብለሽ ካሰብሽም ተይው። 1 ሜትር ከ50 ሜትሮ ውስጥ ይገባል።

ፎሙ ኢቫ የሚባለው ዓይነት ነው። ብዙ ሲሊፐር የሚሠራበት ያው ነገር ነው። ልጆች እንዳይጎዱ ወለል ላይ የሚነጠፈው፣ እንደ እንቆቅልሽ የሚገጣጠመው ምንጣፍም ኢቫ ነው። ለመሃሉ 10 ሚሊ ሜትር፣ ለላዩ ቆዳ 6 ሚሊ ሜትር ውሰጂ። ስለቱን ድፍን አታድርጊው። መጀመሪያ አንዱን ቆዳ መሬት ላይ ዘርጊና ቧንቧውን መሃሉ ላይ አስተኚው። ከዚያ ዙሪያውን 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ጥብጣብ ክፈፍ ሥሪለት። ክፈፉ ሁለት ድርብ 10 ሚሊ ሜትር ነው፤ ማለት 20 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ከቧንቧው በአንድ ሚሊ ሜትር ቢያንስ ፎሙ ይውጠዋል። በየ15 ሴንቲ ሜትሩ ከቧንቧው ወደ ክፈፉ እንደ ጎድን አጥንት ቁራጭ አስገቢ። የመስቀሎቹ ክንዶች በሁለቱ ድርብ መካከል ይቀበሩ። ከመስቀለኛው በላይ ያለውን የመጀመሪያ 25 ሴንቲ ሜትር ግን ድፍን አድርጊው። ሌላው ባዶ ይቅር። በመጨረሻ ሁለተኛውን ቆዳ ክደኚበት።

ባዶ የምልሽ ለክብደቱ ነው። ጫፉ አካባቢ ያለ 100 ግራም ከእጅሽ 1 ሜትር ከ20 ይርቃል። እጅሽን የሚጫነው 10 ሴንቲ ሜትር ላይ እንደተንጠለጠለ 1.2 ኪሎ ነው። ስለዚህ ጌጥ፣ ተደራቢ፣ ብዙ ቀለም ካማረሽ ወደ እጀታው አስጠግተሽ አድርጊው። ወደ ጫፉ በሄድሽ ቁጥር ቆጥቢ። በዚህ አሠራር ሰይፍሽ ወደ 1.2 ኪሎ አካባቢ ይሆናል። የእጀታውን ጭራ ትንሽ ከበድ አድርጊው፤ ስትይዢው ይቀልልሻል። ድፍን ፎም ጠቅልለሽ ማወፈር ይበቃል፤ ብረት አያስፈልግም።

የወለል ምንጣፍ ከተጠቀምሽ አንዱ ቁራጭ ወደ 60 በ60 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ለስለትሽ ሁለት ሦስት መቀጠልሽ አይቀርም። እዚህ ላይ ጡብ የሚደረድሩ ሰዎችን አስቢ። መጋጠሚያ በመጋጠሚያ ላይ አያመጡም። አንቺም የፊቱ ቆዳ የተቀጠለበትና የኋላው የተቀጠለበት ቦታ ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር ይራራቁ።

የካተሩን ስለት ቶሎ ቶሎ ቀይሪ። የደነዘዘ ካተር ፎም አይቆርጥም፤ ይቦጭቃል። በአንድ ጊዜም እስከ ታች አትጫኚው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ተመላለሺበት።

ማጣበቂያውን አዲስ አበባ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ማስቲሽ ነው። እዚህ ኮንታክት ሲሜንት እያሉ ይሸጡታል። ጫማ ሰፊ ሶል ሲያጣብቅ አይተሽ ከሆነ ትምህርቱ ተሰጥቶሻል። ሁለቱንም ፊት ስስ አድርጎ ይቀባል። ከዚያ ያስቀምጠዋል። አይቸኩልም። እርጥብ እርጥብ ሲል ከነካካው እንደማይዝ ያውቃል። አንቺም ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ጠብቂ። ከዚያ በጣትሽ ጀርባ ንኪው። የሚያጣብቅ መስሎ ጣትሽ ላይ ምንም ካልቀረ ደርሷል። ያኔ ሁለቱን ፊቶች ስታገናኚ እዚያው ይያያዛሉ፤ ልመልሰው ብትይ እሺ አይልም። ስለዚህ ከመሃል ጀምረሽ ወደ ዳር እየተጫንሽ አስተኚ። የተቆረጠ የፎም ጠርዝ ማስቲሹን ስለሚመጠው እዚያ ሁለት ጊዜ ቀቢ። ሙቅ ኮላውን ለጌጥ ተይው። ለመሸከሚያ አይሆንም፤ ፎም ሲታጠፍ እሱ አይታጠፍም፤ ተነስቶ ይቀራል።

ስለ ሽታው እናትሽ ትክክል ናት። ይህ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ማስቲሽ በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ የሚያድሩ ልጆችን ምን እንዳደረጋቸው የእሷ ትውልድ በዓይኑ አይቷል። ትነቱ አእምሮን ይጎዳል፤ በእሳትም ይያያዛል። ሳሎን ውስጥ አትቀቢ። በረንዳ ካላችሁ እዚያ፣ ከሌላችሁ ፓርክ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ካርቶን አንጥፈሽ ሥሪ። የጋዝ ምድጃ ባለበት ክፍል ጨርሶ አይከፈት። ለትነት የሚሆን ማጣሪያ ያለው ማስክ ግዢ። ለአቧራ የሚሆነው ተራ ማስክ ትነትን አያስቀርም። ፎም በብርጭቆ ወረቀት ስትፈትጊ ደግሞ የአቧራውን አድርጊ። ውሃ ላይ የተመሠረተ ኮንታክት ሲሜንትም አለ። ለመድረቅ ይቆያል እንጂ ሽታው በጣም ያነሰ ነው። እናትሽ አጠገብሽ ሆና ልታግዝሽ ከፈቀደች እኔ ያንን ነው የምመርጠው።

«የልጅ ጨዋታ» ስላለችው አንድ ነገር ንገሪያት። በ1939 ኒው ዮርክ ውስጥ በተደረገው የመጀመሪያው የዓለም የሳይንስ ልብ ወለድ ጉባኤ ላይ ሚርትል ዳግላስ የምትባል ሴት ለራሷና ለጓደኛዋ ለፎረስት አከርማን የወደፊት ዘመን ልብስ በእጇ ሰፍታ ይዛ ቀረበች። ሁለቱም ያኔ አዋቂዎች ነበሩ። ዛሬ ኮንቬንሽን ላይ አልባሳት ለብሶ መምጣት የሚጀምረው ከዚያ ነው እየተባለ ይነገራል። የአንዲት አዋቂ ሴት የእጅ ሥራ ነው።

ሁለተኛውን ቆዳ ከመክደንሽ በፊት ፈትኚው። ይህን አትዝለይ። እጀታውን በሁለት እጅሽ ያዢና ሰይፉን ጎኑ ወደ ታች ሆኖ አግድም ዘርጊው። አንድ ሰው ቧንቧው የሚያልቅበት ቦታ ላይ የአንድ ሊትር ውሃ በገመድ ያንጠልጥልልሽ። ይጎነበሳል፤ አትደንግጪ። ውሃው ሲወርድ ቀጥ ካለ አልፏል። ከዚያ እጀታውን እንደ በር ቁልፍ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አዙሪው። ስለቱ እኩል ካልተከተለሽ መስቀሎቹ በደንብ አልተጣበቁም። አሁን ማስተካከል ይቻላል። ከተከደነ በኋላ ግን ቀዶ ጥገና ነው።

ቀለሙን ባጭሩ ልንገርሽ። ፎሙን መጀመሪያ በሙቅ አየር መንፊያ አሙቂው። ላዩ ትንሽ ብልጭ ሲል ቀዳዳዎቹ ተዘግተዋል ማለት ነው። ቧንቧው ያለበትን ቦታ ግን ብዙ አታሙቂ፤ ፒቪሲ በሙቀት ይለሰልሳል፤ ከተቃጠለም ጭሱ መርዝ ነው። ከዚያ የእንጨት ኮላ በውሃ አቅጥነሽ ሦስት አራት ጊዜ ቀቢው፤ በየመሃሉ ይድረቅ። በላዩ አክሪሊክ ቀለም። ደርቆ እንደ ሸክላ የሚጠነክር ቀለም አትምረጪ፤ ሰይፉ ሲጎነበስ ይሰነጣጠቃል። አንድ ሰው ሮዝ ወይም ሰማያዊ የግድግዳ መከላከያ ፎም ቢመክርሽም ተጠንቀቂ። እሱ ቀላል ነው፣ ደስ ይላል። ነገር ግን ማስቲሽም ስፕሬይ ቀለምም ዓይንሽ እያየ ያቀልጡታል።

ጠርዙን ሁሉ ድቡልቡል አድርጊው። ኦታኮን ከ2017 ጀምሮ የሚደረገው ዋሽንግተን ዲሲ፣ ዋልተር ኢ. ዋሽንግተን ኮንቬንሽን ሴንተር ነው። ኮሪደሩ ሰፊ ነው፤ ሕዝቡ ግን ይበዛል። ፎም ከመቁረጥሽ በፊት የዘንድሮውን የዕቃ ደንብ ከራሳቸው አንብቢ። ብዙ ኮንቬንሽኖች ብረት ይከለክላሉ፤ መጠን የሚወስኑም አሉ። በር ላይ ዕቃሽን አይተው ምልክት የሚያስሩበት ቦታም አለ። ለዚያ ሰዓት ጨምሪ። ስትሄጂ ጫፉን ወደ ላይ አድርገሽ ከሰውነትሽ ጋር አስጠግተሽ ያዢው። ትከሻ ላይ አጋድመሽው ዞር ያልሽ ጊዜ ከኋላሽ ያለውን ሰው ፊት ነው የምታገኚው። ለፎቶ ብቻ አጋድሚው።

ሥራውን ከኮንቬንሽኑ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለሽ ጨርሺ። ማስቲሽ ወዲያው ይይዛል፤ ሙሉ ጉልበቱን የሚያገኘው ግን ከቀናት በኋላ ነው። ቦርሳሽ ውስጥ ትንሽ ጄል ሱፐር ግሉ፣ የሰይፍሽን ቀለም የሚመስል ፕላስተርና ጥቂት ፎም ያዢ።

የመጨረሻው ነገር መኪና ነው። አንድ ጊዜ ሁለት ሳምንት የለፋሁበትን ጋሻ ጠዋት መኪና ኋላ ኮፈን ውስጥ አስቀምጬ ወደ ሌላ ሥራ ገባሁ። የነሐሴ ፀሐይ ነበር። ከሰዓት በኋላ ስከፍተው ሽታው ቀድሞ መጣ። ማስቲሹ ለስልሶ መጋጠሚያዎቹ እንደ ከንፈር ተከፍተው ነበር። ጋሻው በሌላ ሻንጣ ተጭኖ ስለነበር እንደተጎበጠ ቀርቷል። መልሼ በሙቅ አየር አቃናሁት፤ መጋጠሚያውን ግን እንደገና መቅባት ነበረብኝ። አንቺ በሜትሮ ከሄድሽ ይህ አይደርስብሽ ይሆናል። ጓደኛ በመኪና ላድርስሽ ካለች ግን ሰይፉ አብሮሽ ይውረድ። ማታ ቤት ስትገቢም ግድግዳ ላይ አታስደግፊው፤ ሊጎብጥ ይችላል። አልጋ ሥር በጎኑ አስተኚው፣ ከላዩ ምንም ሳታስቀምጪ።